እዚህ አይታወቅም

ማቪስን የሰው ሽታ አስጠልቷት አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሃቨርቢ ወደብ ቢላዋ ይዛ፣ የዓሣ ሆድ እየቀደደች አንጀቱን ስትጥል የኖረች ሴት የሦስት ሳምንት ካልሲ ምን ይሆናታል? ርጥብ ብርድ ልብስ፣ ትውከት የደረቀበት ሱሪ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉንም በባዶ እጇ አንሥታ ማሽኑ ውስጥ ትከታለች፤ ፊቷም አይቋጠርም። እሷን የሚያስጠላት የንጹሕ ሰው ቆሻሻ ነው። እሱን ደግሞ ሰኞ ሰኞ ታገኘዋለች።

ሰኞ ጠዋት ገመድ ቤት ደጃፍ ላይ ከረጢት ተቆልሎ ይጠብቃታል። ቤቱ ድሮ የመርከብ ገመድ ይፈተልበት ስለነበር ነው ገመድ ቤት የሚባለው። አሁን ቤት የሌለው ሰው ቀን ቀን ገብቶ የሚሞቅበት፣ ገላውን የሚታጠብበት፣ ልብሱን የሚያሳጥብበት፣ የአጃ ገንፎ የሚበላበት፣ ቅጽ የሚያስሞላበት ማዕከል ነው። የከተማው ሰው እሑድ ቤቱን ሲያጸዳ የተረፈውን አምጥቶ እዚያ በር ላይ ይጥላል። ልግስና ይሉታል። ድንቄም ልግስና!

"ኤጭ! እዩልኝ እስቲ!" አለች ማቪስ፣ የዚያን ሰኞ የመጀመሪያውን ከረጢት ፈትታ። "የውስጥ ሱሪ! ያውም ያልታጠበ! ሰው እንዴት ያደፈ የውስጥ ሱሪውን አጣጥፎ፣ በሪባን አሥሮ፣ 'ከፍቅር ጋር' ብሎ ይጽፍበታል? እንዴት ያለ ፍቅር ነው እናንተ?"

ሁለተኛው ከረጢት ውስጥ አንድ እግር ጫማ፣ ግማሹ ያለቀ የከንፈር ቀለም፣ ከአሥር ዓመት በፊት ቀኑ ያለፈበት የታሸገ ዱባ። ከከረጢቱ ጎን ደግሞ ግድግዳውን ተደግፎ የበረዶ መንሸራተቻ፤ ሁለት እግር፣ ሙሉ ከነምርኩዙ።

"ማቪስዬ፣ እሱን ለኔ አስቀምጪልኝ" አለ ከቤት ማሞቂያው ራዲያተር አጠገብ የተቀመጠው፣ ማንኪያ የሚባለው ሰውዬ። "ማዘጋጃ ቤት ስሄድ እንዳልዘገይ።"

"አንተ ደግሞ አፍህን ሞልተህ አታውራ፤ ገንፎህን ብላ!"

ማንኪያ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ሲወጣ ወጥ ቤቱ ለሁሉ የሚበቃ ማንኪያ ስላልነበረው፣ የራሱን ማንኪያ በሲባጎ አንገቱ ላይ አሥሮ ይዞር ነበር። ስሙ ከዚያ መጣ። መርከቦቹ አልቀው፣ ትዳሩ ፈርሶ፣ የኪራይ ቤቱ ተሸጦበት ጎዳና ከወጣም በኋላ ማንኪያዋ ከደረት ኪሱ አልተለየችም፤ በሌላ ማንኪያ አይበላም። ማደሪያው ከወደቡ ጀርባ ያለ የዓሣ ሣጥን ማከማቻ ነው። ጣሪያው ግማሹ የለም። ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ነርስ ደረቱን ካዳመጠች በኋላ ነገሩን አላለዘበችለትም።

"ስማኝ፣ ይህን ሳንባ ይዘህ ሌላ የብርድ ወራት እዚያ ካሳለፍክ፣ ቀጥሎ የሚመረምርህ ቀባሪ ነው" አለችው። "ጣሪያ ያስፈልግሃል፤ መድኃኒት አይደለም።"

ይህን የሰማችው ማቪስ በማግስቱ ቅጽ ከሚሞላው ሠራተኛ ጋር አስቀመጠችው፤ ሠራተኛውም ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄዶ እንዲመዘገብ ቀጠሮ ያዘለት። ያ በመስከረም መጨረሻ ነው። ማንኪያ ብቻውን ሄደ፤ ተመዘገበ፤ "በደብዳቤ እናሳውቅሃለን" ተባለ። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር።

ገመድ ቤት ከሚሰጠው ሁሉ ትልቁ ገንፎም ሻወርም አይደለም፤ አድራሻ ነው። ቤት የሌለው ሰው አድራሻ የለውም፤ አድራሻ የሌለው ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ገመድ ቤት አድራሻውን ያውሳል። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ደብዳቤ የሚቀመጥባቸው ስድሳ የእንጨት ኪሶች ተሰክተዋል፤ በያንዳንዳቸው ላይ ባለቤቱ የሚጠራበት ስም አለ። ቀዩ ቢል፣ እሜቴ፣ ባለውሻው፣ ስኮቱ፣ ማንኪያ። የጻፈቻቸው ማቪስ ናት። ርጥብ የዓሣ ሣጥን ላይ በወፍራም ቀለም መጻፍ የለመደ እጅ ነውና ፊደሏ ትልልቅና ወደ ግራ የዘመመ ነው። ከሥሩ ሁለት መስመር ታሠምራለች፤ የታችኛው መስመር ጫፉ ላይ እንደ ዓሣ ጭራ ይቆለመማል። የልብስ ከረጢቶቹንም እንዲሁ ነው የምትጽፍባቸው፣ የአንዱ ሱሪ ለአንዱ እንዳይሄድ።

ጠዋት ከሁሉ ቀድማ የምትመጣው እሷ ስለሆነች ደብዳቤውን የምትለየውም እሷ ናት። ኪሶቹ ላይ የሌለ ስም የያዘ ፖስታም ይመጣል፤ ከዓመታት በፊት ያለፈ፣ የሄደ፣ ወይም ጭራሽ ያልነበረ ሰው። ያን ጊዜ እስክሪብቶዋን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ "እዚህ አይታወቅም" ብላ ትጽፍበትና የመንገዱ ማዕዘን ላይ ወዳለው ቀይ የፖስታ ሣጥን ትመልሰዋለች።

"ስም አይጠየቅም" የገመድ ቤት ሕግ ነው። ያወጣችው ቤቱን ያቋቋመችው የመርከብ አዛዥ ሚስት የነበረችው ወይዘሮ ኢዲት ናት፤ ነፍሷን ይማርና። "ሰው የሰጠሽን ስም ጥሪው፤ ሌላውን ሲፈልግ ይነግርሻል" ትል ነበር። ለማቪስ ይህ ሕግ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይደለም። የዓሣው ፋብሪካ ተዘግቶ፣ ባሏ ከዕቃው ጋር ጠፍቶ፣ ከቤቷ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት እሷም በዚያ በር ገብታለች። ሦስት ቀን ካፖርቷን ሳታወልቅ ጥግ ተቀመጠች። የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ስትጸልይ ነበር። ስምሽ ማነው፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ምን ሆነሽ ነው ያላት የለም። ሻይ ብቻ አስቀመጡላት። በአራተኛው ቀን ተነሥታ የተቆለለውን ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ እነሆ አሥራ አንድ ዓመቷ። አንድ ሰው ያን ቀን ስሟን ጠይቋት ቢሆን ወጥታ ባሕሩ ውስጥ ትገባ እንደነበር እሷ ታውቃለች።

እና ማንኪያ በየጠዋቱ ይመጣል፤ ካፖርቱን ራዲያተሩ ላይ ያሰጣል፤ ይጠይቃል።

"ለኔ የመጣ አለ?"

ማቪስ 'ማንኪያ' የሚለው ኪስ ውስጥ እጇን ትከታለች። "ባዶ ነው የኔ ጌታ።"

"እሺ፤ ገና ግድግዳውን እየቀቡልኝ ነው ማለት ነው።"

ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ገባ። ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ዝናቡን አግድም ይወረውረው ጀመር። የማንኪያ ሳል ከራዲያተሩ አጠገብ ተነሥቶ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ይሰማል። "ባዶ ነው የኔ ጌታ" ማለት ምላሷን ያከብደው ጀመር፤ ጥፋቱን ሁሉ ግን ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጥታ ስትራገም ትውል ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ማንኪያ ቁርሱን ሳይበላ ራሱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። ማቪስ የታጠበ ልብሱን በከረጢቱ አድርጋ አቀበለችው።

"ምን አሉህ?"

"ፋይልህ ተዘግቷል አሉኝ።"

"ምን ሲደረግ?"

"መልስ ስላልሰጠህ አሉ።"

"ለምኑ? ሳይጠይቁህ ለምኑ ነው የምትመልሰው?"

"እኔንጃ። በመስኮት ነው ያነጋገሩኝ፤ ሰልፉም ረጅም ነበር።"

ማቪስ ሽርጧን ፈትታ ወለሉ ላይ ወረወረችው። "ተነሥ! ተነሥ እንሂድ! እነዚህ ወንበር ላይ የበቀሉ! ዛሬ እኔና እነሱ ነን! የሰው ሳንባ እስኪወጣ አስጠብቀው መልስ አልሰጠህም? ቱ!"

"ማቪስዬ፣ ገንፎዬን..."

"ገንፎህ ይጠብቃል!"

የልብስ ከረጢቱን እንደያዘ ጎትታ ይዛው ሄደች።

ማዘጋጃ ቤቱ ሲገባ የሚሸተው ሰው ሠራሽ ሎሚ ነው። ማቪስ ከዚህ ሽታ የዓሣ ሬሳ ይሻለኛል ትላለች። ወንበሮቹ መሐል መሐላቸው ላይ የብረት መደገፊያ ተበይዶባቸዋል፤ ሰው ጋደም እንዳይል ነው። ቤት ፍለጋ የመጣ ሰው ወንበር ላይ እንዳይተኛ አስበውበት፣ ተሰብስበው፣ ተማክረው አስበየዱት ማለት ነው። ቁጥራቸው እስኪጠራ ድረስ ያንን ብረት በጥፍሯ ስትፍቅ ቆየች።

የተቀበለቻቸው ሚስ ፔንደር የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት፤ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን በወረቀት ትጠርጋለች።

"ምን ልርዳችሁ?"

"እርዳታሽን አየነው!" አለች ማቪስ ቁጭ ሳትል። "ይህ ሰው ሰባት ሳምንት ጠብቋችኋል። በደብዳቤ እናሳውቅሃለን አላችሁት። ደብዳቤውን የምቀበለው እኔ ነኝ፣ በዚህ በገዛ እጄ! አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልመጣችም! ከዚያ አንቺና መሰሎችሽ መልስ አልሰጠም ብላችሁ ፋይሉን ትዘጋላችሁ። ስትዋሹ አታፍሩም?"

ሚስ ፔንደር ማንኪያን አየት አድርጋ ፋይሉን ከመደርደሪያ አውጥታ ከፈተች።

"ሦስት ደብዳቤ ልከናል፤ እመቤቴ። አንዱ የቀጠሮ፣ አንዱ ቤት መገኘቱን የሚገልጽ፣ ሦስተኛው ውሳኔው ነው። ሦስቱም ተመልሰውልናል።"

ፖስታዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሁሉም ላይ በማሽን የተጻፈ ስም አለ፤ ሚስተር ኦብሪ ዊንተርተን።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለች ማቪስ። "ጭራሽ የሌላ ሰው ፋይል ነው ያወጣሽልን!"

ከዚያ ከጎኗ ማንኪያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ ምን?"

"ኦብሪ። እኔ ነኝ። እናቴ ነች ያወጣችልኝ።" ጆሮው ድረስ ቀላ። "መርከብ ላይ ኦብሪ ብትባይ ኑሮ የለሽም፤ ማቪስዬ። ደብዳቤ እንኳ ሲመጣ 'ማንኪያ!' ተብሎ ነበር የሚወረወርልኝ። እዚህም ማንኪያ ነኝ ብያቸው ነበር እኮ።"

"ብለውኛል" አለች ሚስ ፔንደር፤ እሷም አፈረች። "የሚቀልዱ መስሎኝ ስማቸውን ከባሕርተኛ መታወቂያ ደብተራቸው ላይ ገለበጥኩት።"

ማቪስ መልስ ልትሰጣት አፏን ከፍታ ነበር። ያን ጊዜ ነው ፖስታዎቹን ደኅና አድርጋ ያየቻቸው። በየፖስታው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ "እዚህ አይታወቅም" ይላል። ፊደሉ ትልልቅ፣ ወደ ግራ የዘመመ። ከሥሩ ሁለት መስመር። የታችኛው መስመር ጫፉ ላይ ተቆልምሟል።

ቀና ስትል ማንኪያ ፖስታዎቹን እያየ ነው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን የልብስ ከረጢት አየ፤ ከረጢቱ ላይ 'ማንኪያ' ተብሎ ተጽፏል፣ በዚያው ፊደል፣ በዚያው ሁለት መስመር፣ በዚያው ጭራ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ዋዛ፣ ጽሑፉ ወደ ጉልበቱ እንዲዞር ከረጢቱን ገለበጠው። እጁንም ላዩ ላይ አሳረፈ።

"ቤቱስ?" አለ ማንኪያ ረጋ ብሎ።

"ቤቱ ለጊዜው አልተሰጠም። ግን ውሳኔው ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ይግባኝ ማለት የሚቻለው በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ብቻ ነው የቀረዎት። ያውም ደብዳቤው ያልደረሰዎት በእርስዎ ጥፋት አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካመጡ ነው። ማነው ይህን የጻፈው? ያውቁታል?"

"አላውቅም" አለ ማንኪያ።

ያቺ ሰው ፊት ቆማ ውሸታም ስትል የነበረች ማቪስም የጻፍኩት እኔ ነኝ አላለችም!

ውጭ ሲወጡ ዝናቡ ጀምሯል። ማቪስ ጥቂት ሄዳ ቆመች።

"ለምን ገለበጥከው?"

"ምኑን?"

"አትቀልድብኝ፤ አንተ ሰውዬ!"

ማንኪያ ኮሌታውን ወደ ላይ አነሣ። "አራት ዓመት ሱሪዬን የማወጣበትን ከረጢት ጽሕፈት አላውቀውም? እዚያች ልጅ ፊት እንድትዋረጂ አልፈለግሁም። በቃ። ሻይ እንጠጣ፤ ነይ።"

በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። ጥግ ላይ ወዳለው የውኃ መውረጃ ሮጣ አጎነበሰች፤ ከምራቅ በቀር የወጣ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የዓሣ አንጀት ያላቅለሸለሻት ሴት የገዛ እጇ አቅለሸለሻት። እነዚያ ፖስታዎች አንድ በአንድ ትዝ አሏት። ሁለተኛውን ስትጽፍበት እንደውም እየዘፈነች ነበር። ፖስታውን ቀዩ ሣጥን ውስጥ ከትታ ስትመለስ ማንኪያ በሩ ላይ ቆሞ "ለኔ የመጣ አለ?" አላት፤ እሷም ኪሱን ፈትሻ "ባዶ ነው የኔ ጌታ" አለችው።

የገመድ ቤት ሥራ አስኪያጅ ሩፐርት ይባላል። ከዋና ከተማ የመጣ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ እዚህ የሚገባውን ሰው "ተጠቃሚዎቻችን" ይላቸዋል፤ የጨበጡትን እጁን ወዲያው ጀርባውን ሰጥቶ ከኪሱ በሚያወጣው ፈሳሽ ያሸዋል። ማቪስ ይህን ባየች ቁጥር ጸጉሯ ይቆማል። የዚያን ቀን ግን ነገሩን ሁሉ ከነዝርዝሩ ነገረችው።

"የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው" አለችው። "ጥፋቱ የቤቱ ነው፣ የሱ አይደለም የሚል። ማኅተም አድርግበት።"

"ማቪስዬ፣ እስቲ እንረጋጋ።" ወንበሩን ጠጋ አደረገ። "ዓርብ ለጋሾቻችን ይመጣሉ። ደብዳቤ እየመለስን ሰውን ቤት አሳጣን የሚል ወረቀት በዚህ ሳምንት? ነገሩን እንየው ካልን ደግሞ፣ ስሙን እኮ አልነገረንም።"

"አልጠየቅነውማ!"

"አለመጠየቅ የቤታችን እሴት ነው። አንቺ ራስሽ አይደለሽም ሁልጊዜ የምትዪው? ወይዘሮ ኢዲትን እያነሣሽ።"

የሷን ነፍስ ያተረፈውን ሕግ አንሥቶ እንደ መጥረጊያ ቆሻሻውን ከምንጣፍ ሥር ሊያስገባበት ነው።

"ወይዘሮ ኢዲትን በአፍህ አታንሣት" አለችው። "እሷ ስም የማትጠይቀው ሰው እንዳይሸማቀቅ ነበር። አንተ የማትጠይቀው እንዳታውቀው ነው። እኔስ? እኔም ብሆን ስንፍናዬን ሕግ አልኩት። ያንን ስም አንብቤ ዞር ብዬ 'ኦብሪ የሚባል አለ?' ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? አፌ ይወልቅ ነበር?"

"ማቪስዬ፣ ስሜታዊ ሆነሻል። ዕረፍት..."

"አንተ ሂድ እጅህን ተቀባ!" ብላው በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ለማንም ሳትናገር ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ማንኪያ እንዳይከለክላት ስለሰጋች ትናንት ልብሱን አውጥቶ ማድረቂያው ላይ የተወውን ባዶ ከረጢት አንሥታ ይዛለች፤ ግድግዳው ላይ 'ማንኪያ' የሚለውን ጽሑፍም ከነእንጨቱ ነቅላዋለች። ሚስ ፔንደር ጠረጴዛ ላይ ሁለቱንም አስቀመጠችላት።

"ፖስታዎቹን አውጪና አስተያይው" አለቻት። "የኔ እጅ ነው። ሦስቱንም የመለስኩት እኔ ነኝ። ሰውየው በየቀኑ ሲጠይቀኝ ነበር። ትናንት ውሸታም ያልኩሽም እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ሚስ ፔንደር ከረጢቱንና ፖስታዎቹን አስተያየች። "ተመሳሳይ ነው" አለች። "ግን አለቃዬ ማንም ሰው አስመስሎ ሊጽፈው ይችላል ትለኛለች። እዚህ ፊቴ ሊጽፉልኝ ይችላሉ? ያንኑ ቃል?"

ወረቀት ዘረጋችላት። ማቪስ እስክሪብቶዋን ከኪሷ አወጣች። "እዚህ አይታወቅም" ብላ ጻፈች፤ አራተኛዋን። መስመሩን ላለማሥመር አስባ ነበር፤ እጇ ግን ሳትፈቅድለት አሠመረው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጭራውም መጣ። እንዲህ ዓይነት የሚያስጠላ ጽሕፈት በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

"ጥሩ። ከሥሩ ይፈርሙልኝ። ሙሉ ስምዎን ማን ልበል?"

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። "ማቪስ ሩት ኦልድሮይድ" አለች። ባሕር ውስጥ አልገባችም። ወንበሩም ከሥሯ አልጠፋም። ሠራተኛዋ ጻፈችው፤ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ማኅተም አደረገችበት።

ማንኪያም የዚያኑ ዕለት ሄዶ ይግባኙን ፈረመ። ባዶ ከረጢቱን ከማቪስ ተቀብሎ አጣጥፎ ካፖርቱ ውስጥ ከተተው።

ዓርብ ለጋሾቹ መጡ። ሩፐርት በዚያ መሐል ነገሩ ከማዘጋጃ ቤት በስልክ ደርሶት ነበርና የደብዳቤውን ሥራ ከማቪስ ቀምቶ አና ለምትባል አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሰጠ። በሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ አሰቀለ። "አዲሱ የደብዳቤ አሠራራችን፤ ስምዎ ክብርዎ ነው!" ይላል፤ ከጎኑ የሱ ፎቶ፣ ጥርሱን ብቅ አድርጎ። ለጋሾቹ አጨበጨቡ። አንዷ ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። ማቪስ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሆና ሰማቻቸውና ማሽኑን ከፍ ባለው ፍጥነት ለቀቀችው፤ ጭብጨባው ከሚሰማ መንቀጥቀጡ ይሻላል ብላ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማስታወቂያው እንኳ ማስታወቂያ ሆኖ ቀረ። የማንንም ስም የጠየቀ የለም። ኪሶቹ ላይ አንድ ፊደል አልተጨመረም። ሩፐርት ፎቶውን ተነሥቷል፤ ሥራው አልቋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቁርስ ላይ፣ ማቪስ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ እንዳለች ከአዳራሹ የአናን ቀጭን ድምፅ ሰማች።

"ኦብሪ ዊንተርተን? ኦብሪ ዊንተርተን የሚባል አለ?"

ቀዩ ቢል ሳቀ። "ኦብሪ! የኔ እመቤት፣ እዚህ ልዑል አናስተናግድም!" አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ማንኪያ ጥግ ላይ አጎንብሶ እየሳለ ነበር፤ ስሙን የራሱ ስም ብሎ አልሰማውም።

"ከሌለ እንግዲህ..." አለች አና፤ እስክሪብቶ ስትፈልግ ጠረጴዛውን ዳበሰች።

"አለ!" ማቪስ አረፋውን እየረጨች ሮጣ ወጣች። "አለ! ይታወቃል! እዚህ ይታወቃል! ያንን እስክሪብቶ አስቀምጪ አንቺ ልጅ!"

ፖስታውን ነጥቃት ማንኪያ ፊት ቆመች። ከእጇ የሚንጠባጠበው ውኃ ገንፎው ውስጥ ገባ። ሳቁ ቆመ።

"አቶ ኦብሪ ዊንተርተን" አለችው። "ደብዳቤ መጥቶልሃል።"

ማንኪያ ማንኪያውን በካፖርቱ ጠርጎ ኪሱ ከተተና በሁለት እጁ ተቀበላት። ቀደደው፤ ራቅ አድርጎ ይዞ ለረጅም ጊዜ አነበበው።

"ምን ይላል?"

"ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ ታምኖበታል። ፋይሉ ተከፍቷል።"

"እሰይ! ቤቱስ?"

"ቤቱ..." አለና ወረቀቱን አጣጠፈ። "ቤቱ ይግባኙ እየታየ ሳለ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሌላ ሲገኝ በደብዳቤ እናሳውቅሃለን ይላል።"

ማቪስ ማዘጋጃ ቤቱን ልትራገም ፈለገች፤ ቃሉ ግን አፏ ውስጥ በሰበሰ። ያን ቤት ማን እንደበላው ታውቃለች። እጇን ሽርጧ ላይ ደጋግማ ጠረገችው።

"ከረጢትህን አምጣ" አለች በመጨረሻ፣ እስክሪብቶዋን አውጥታ። "ስምህን ልጻፍልህ። ዋናውን ስምህን። ኪሱም ላይ እጽፈዋለሁ፣ ሩፐርት ወደደም ጠላም።"

"ኪሱ ላይ ጻፊው።" ማንኪያ ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰ፤ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠረጴዛውን ያዘ። "ለሱሪ ግን ማንኪያ ይበቃል። ኦብሪን ሌላ ቦታ ደግሞ አትጻፊብኝ፤ ለቤቴ በር አስቀምጪልኝ።"

ማቪስ ግድግዳው ዘንድ ሄዳ ስሙ የተነቀለውን ኪስ አገኘችና ጻፈችበት። ከሥሩ መስመር አላሠመረችም። ከዚያ ሌሎቹን ሃምሳ ዘጠኝ ኪሶች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ወደ ቀዩ ቢልም ዞረች።

"አንተ፣ ሳቂታው" አለችው። "ና እስቲ ወደዚህ። እናትህ ማን ብላ ነው የምትጠራህ?"